በቀን 450 በርሜል ሲባል፦ የነዳጅ ጉድጓድ የመጀመሪያ ፍተሻ የሚነግረንና የማይነግረን

ሰኔ 2010 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሶማሌ ክልል፣ ኦጋዴን ውስጥ የድፍድፍ ነዳጅ የሙከራ ምርት መጀመሩን አበሰሩ። ከዜናው ሰው ጆሮ ውስጥ የቀረው አንድ ቁጥር ነው፤ በቀን 450 በርሜል። ማኅበራዊ ሚዲያው ሞቀ። ከእንግዲህ ነዳጅ ላኪ አገር ሆንን ያለ ነበር። ይቺማ ምን አላት ብሎ ያጣጣለም ነበር። ሁለቱም ወገኖች ከቁጥሩ ያወጡት ነገር ቁጥሩ ውስጥ አልነበረም።

እስቲ ሂሳቡን እናስላ። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። 450 በርሜል ወደ 71,500 ሊትር ይመጣል። ባለ ተሳቢ ቦቴ ከ40,000 ሊትር በላይ ስለሚጭን፣ የቀኑ ምርት ሁለት ቦቴ እንኳን በቅጡ አይሞላም። ኢትዮጵያ ደግሞ በቀን የምታቃጥለው ነዳጅ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር በርሜል ነው። እንደ አገር ፍጆታ ካየነው ትንሽ ነው፣ ክርክር የለውም። እንደ ፍተሻ ውጤት ካየነው ግን ትንሽም ትልቅም ማለት አይቻልም። ከአንድ ጉድጓድ 450 በርሜል የወጣበት ቦታ ሥሩ ሰፊ የነዳጅ መስክ ሊኖረው ይችላል። በወራት ውስጥ የሚነጥፍ ትንሽ ኪስም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሌላ መረጃ ነው። እሱ ደግሞ በዜና ላይ ብዙም አይነገርም።

ይህን የምጽፈው ነገሩ አሁንም ስለሚመለከተን ነው። በዚያው በኦጋዴን፣ ካሉብ በሚባለው መስክ ጋዝ መመረት ጀምሯል፣ ሌሎች ጉድጓዶችም ይቆፈራሉ፣ ሌሎች ቁጥሮችም ይመጣሉ። ቁጥር በመጣ ቁጥር እየጨፈርን ቆይቶ ማዘን የለብንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጉድጓዱ የሚቆፈርበት አካባቢ ሕዝብ ተስፋው በቁጥር እየተነሳ በዝምታ እንዲወድቅ መደረግ የለበትም።

ፍተሻው ሲደረግ ምን ይሆናል? ቁፋሮው ካለቀ በኋላ ጉድጓዱ በብረት ቱቦና በሲሚንቶ ይታሸጋል። ስለዚህ በጉድጓዱና ነዳጁ ባለበት ድንጋይ መካከል ብረትና ሲሚንቶ አለ። ፈንጂ የያዘ መሣሪያ ወደ ታች ይወርድና ብረቱንና ሲሚንቶውን በስቶ ድንጋዩ ውስጥ ይገባል። ከበላዩ ፓከር የሚባል ማሸጊያ ይቀመጣል፤ የላይኛው ፈሳሽ ከታችኛው እንዳይቀላቀል። ከዚያ ቫልቭ ይከፈታል። ከታች ያለው ግፊት የሚበቃ ከሆነ ፈሳሹ ራሱ እየገፋ ወደ ላይ ይመጣል። ላይ ሲደርስ ቾክ በምትባል ጠባብ ቀዳዳ ያልፋል፣ ሴፓሬተር ውስጥ ገብቶ ዘይቱ፣ ጋዙና ውሃው ይለያያሉ፣ እያንዳንዱም ይለካል። ጋዙ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቃጠላል። ቴሌቪዥን ላይ የምናያት ያቺ ትልቅ ነበልባል እሷ ናት።

ታዲያ ቾኳ ትልቅ ነገር ናት። ቀዳዳዋ የሚለካው በኢንች 64ኛ ነው። ቾክ 32 ከተባለ ግማሽ ኢንች ማለት ነው። በቾክ 16፣ ማለትም በሩብ ኢንች ቀዳዳ፣ 450 በርሜል የሰጠና ላይ ያለው ግፊት ገና ከፍተኛ የሆነ ጉድጓድ ገና ያልተጠቀመበት ጉልበት አለው። በቾክ 64፣ በሙሉ ኢንች፣ 450 ሰጥቶ የላይኛው ግፊት ወደ ዜሮ የወረደ ጉድጓድ ግን ያለውን ሁሉ አውጥቷል። በዜና ላይ ሁለቱም በቀን 450 በርሜል ተብለው ነው የሚነበቡት። የነዳጅ ኩባንያ መግለጫ ስታነቡ የቾኩ መጠንና የግፊቱ ቁጥር ከፍሰቱ ጎን ከሌለ፣ የሚያኮራ ነገር ቢኖር ይጻፍ ነበር ብሎ መጠርጠር ነውር የለውም።

ሌላው፣ በቀን ሲባል ጉድጓዱ ሙሉ ቀን ፈሰሰ ማለት አይደለም። ስድስት ሰዓት ፈስሶ የተገኘው በአራት ተባዝቶ ሊሆን ይችላል። በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ውስጥም ከምርጡ አንድ ሰዓት ተወስዶ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደግሞ ፈሳሹ ንጹሕ አይደለም። በቁፋሮው ጊዜ ወደ ድንጋዩ የገባ ጭቃና ውሃ ቀድሞ ይወጣል። ጉድጓዱ እየጠራ ሲሄድ ፍሰቱ ሊጨምር ይችላል። ወይም ከድንጋዩ የራሱ ውሃ መምጣት ይጀምርና ነገሩ ይበላሻል። ስለዚህ ፍሰቱ ረግቶ ነበር ወይስ እየወረደ ነበር የሚለው ጥያቄ ከቁጥሩ አይተናነስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የፍተሻው ዋና ትምህርት የሚገኘው ጉድጓዱ ሲፈስ ሳይሆን ሲዘጋ ነው።

ከተወሰነ ፍሰት በኋላ ቫልቩ ይዘጋል። ነበልባሉ ይጠፋል፣ ካሜራውም ይሄዳል። ከታች ግን የግፊት መለኪያው ሥራውን ይቀጥላል። ጉድጓዱ ሲፈስ በዙሪያው ያለው ግፊት ወርዶ ነበር። ሲዘጋ ከሩቅ ያለው ዘይት ወደ ጉድጓዱ እየገፋ ስለሚመጣ ግፊቱ ይመለሳል። እንዴት እንደሚመለስ፣ በምን ፍጥነት፣ እስከየት ድረስ የሚለው ኩርባ ነው ስለ ድንጋዩ የሚናገረው። ሆርነር የተባለ ባለሙያ ይህንን ኩርባ በወረቀት ላይ ቀጥ ወዳለ መስመር የሚለውጥ ዘዴ ያወጣው እ.ኤ.አ በ1951 ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ቢሠራውም ሐሳቡ ያው ነው።

ከዚያ ኩርባ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። አንዱ ድንጋዩ ዘይትን በውስጡ የማሳለፍ አቅሙ ነው። ሁለተኛው ሙያተኞቹ ስኪን የሚሉት ነው፤ በቁፋሮው ጭቃ ምክንያት የጉድጓዱ ግድግዳ ምን ያህል እንደተደፈነ ያሳያል። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ ግን የአንድን ጉድጓድ ዕጣ ሊለውጥ ይችላል። ፍሰቱ ትንሽ ሆኖ ስኪኑ ከፍተኛ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ድንጋዩ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ነው። በኖራ ድንጋይ ላይ አሲድ አውርዶ መክፈት ይቻላል፤ በኦጋዴን ዘይት የታየበት ሐማንሌይ የሚባለው ንብርብርም በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው። ፍሰቱ ትንሽ ሆኖ ስኪኑም ዝቅተኛ ከሆነ ግን ግድግዳው ንጹሕ ነው፣ ድንጋዩ ራሱ ነው የሰነፈው። ያኔ አሲድም ብዙ አያድነው። ሁለቱም 450 በርሜል ሊሰጡ ይችላሉ። አንዱ መልካም ዜና ነው፣ ሌላው አይደለም።

ሦስተኛውና ከባዱ ወሰኑ ነው። ዘይቱ የት ጋ ያልቃል? ይህን ለማወቅ ጊዜ ያስፈልጋል፣ ጊዜውም እንደምንገምተው ቀላል አይደለም። ጉድጓዱ ሲከፈት የግፊቱ መውረድ ድንጋዩ ውስጥ ወደ ዙሪያው እየተስፋፋ ይሄዳል። ፍተሻው የሚያየው የግፊቱ ለውጥ የደረሰበትን ያህል ብቻ ነው። እጥፍ ርቀት ለማየት አራት እጥፍ ጊዜ ይጠይቃል። አሥር እጥፍ ርቀት ከፈለግህ መቶ እጥፍ ጊዜ። አንድ ቀን የተፈተሸ ጉድጓድ በዙሪያው ጥቂት መቶ ሜትር አይቶ ሊሆን ይችላል። መስኩ ደግሞ በኪሎ ሜትር የሚለካ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቀን ፍተሻ ስለ ሙሉ መስክ መናገር የማይቻለው ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ጣሪያ ላይ ሮቶ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ቧንቧው ሲከፈት በኃይል ቢወርድ ሮቶው ከፍታ ላይ መሆኑንና ቧንቧው አለመደፈኑን ይነግርሃል። ውስጡ የቀረው ሃምሳ ሊትር ይሁን ሁለት ሺህ ሊትር ግን አይነግርህም።

ሆኖም ትንሽ ኪስ ከሆነ አንዳንዴ ፍተሻው ራሱ ያጋልጠዋል። ለምሳሌ የታሰበ ጉድጓድ እንውሰድ። ሳይከፈት በፊት ግፊቱ 4,000 ፒኤስአይ ነበር፤ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው። 1,000 በርሜል አወጣንና ዘጋነው። ቀናት ጠበቅን። ግፊቱ 3,900 ላይ ቆመ፣ ከዚያ አልፎ አልወጣም። 100 ፒኤስአይ የት ሄደ? ከመሬት በታች ያለው ዘይትና ውሃ፣ ድንጋዩም ጭምር፣ ግፊት በቀነሰ ቁጥር ጥቂት ይለጠጣሉ። ለእያንዳንዱ ፒኤስአይ ከሚሊዮን 15 እጅ ያህል ይለጠጣሉ እንበል፤ ለዘይት ድንጋይ የተለመደ መጠን ነው። በ100 ፒኤስአይ ከሚሊዮን 1,500 እጅ ይሆናል። ያወጣነው 1,000 በርሜል የመጣው ከዚህ መለጠጥ ከሆነ፣ ከጉድጓዱ ጋር የተገናኘው ፈሳሽ በጠቅላላው ወደ 670,000 በርሜል ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ ውሃም አለ፣ የሚወጣው ደግሞ ጥቂቱ ነው። ለቁፋሮው የወጣውን እንኳን ላይመልስ ይችላል። ይህ ጉድጓድ ሲከፈት 2,000 በርሜል በቀን ሰጥቶ ሊሆን ይችላል! ዜናው 2,000 ይላል፣ ያልተመለሰው 100 ፒኤስአይ ግን ሌላ ነገር ይላል። የሚታመነው ሁለተኛው ነው።

ይህን ሁሉ በደንብ የሚያሳየን የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ ነው። ቱሎ ኦይል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ሰሜን ኬንያ፣ ቱርካና ውስጥ ንጋሚያ 1 የተባለውን ጉድጓድ ቆፍሮ ዘይት ያገኘው እ.ኤ.አ በ2012 ነው። በዓመቱ ትዊጋ ሳውዝ 1 የተባለው ሌላ ጉድጓድ ተፈተሸና 2,812 በርሜል በቀን ተባለ። ይህ ቁጥር ከሦስት የተለያዩ ንብርብሮች ለየብቻ የተገኘ ድምር ነው። ድምር መሆኑ ማታለል አይደለም፣ መግለጫውም በግልጽ ጽፎታል። አንባቢው ግን አንድ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ ያን ያህል እየተፋ አድርጎ ነው የሚያየው። ንብርብሮቹ በአንድ ቱቦ አብረው ሲለቀቁ አንዱ የሌላውን ግፊት ስለሚጋፋ ድምሩ እንዳለ አይገኝም። ኩባንያው የላይኛው መሣሪያ ባይገድበው ጉድጓዱ ከ5,000 በላይ ሊሰጥ እንደሚችልም ገምቶ ነበር። በፍተሻ የወጣው 2,812 ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ስሌት ነው። 

ቱሎና ሸሪኮቹ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ግን ትክክለኛው ነው። እ.ኤ.አ በ2015 አሞሲንግና ንጋሚያ በተባሉት የቱርካና መስኮች ላይ ረጅም ፍተሻ አደረጉ። አንዱ ጉድጓድ ለሳምንታት ሲፈስ ጎረቤቱ ጉድጓድ ላይ ግፊቱ ይወርዳል ወይስ አይወርድም ብለው ለኩ። ከወረደ ሁለቱ ከመሬት በታች ይገናኛሉ። ካልወረደ መሐላቸው ግድግዳ አለ፣ መስኩም የተቆራረጠ ነው፣ ብዙ ጉድጓድ ይፈልጋል፣ ወጪው ይጨምራል። አጭሩ ፍተሻ ይህን ሊነግራቸው አይችልም ነበር።

ከዚያስ? የቱርካና ዘይት ሰም የበዛበት ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። በቧንቧ ለመላክ ከሎኪቻር እስከ ላሙ ወደብ መሞቅ ያለበት መስመር ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ በ2019 በቦቴ እየተጫነ ሞምባሳ የደረሰ ከ200,000 በርሜል በላይ ዘይት በአንድ መርከብ ተላከ። ቱሎ ግን በ2025 የኬንያ ድርሻውን ሸጦ ወጣ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ዘይት ከሰጠ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ዘይቱ አለ፤ ውሸት አልነበረም። ፍሰቱ የተለካው ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ወደቡ ያለውን መንገድ ፍተሻው አይለካም።

ኡጋንዳም እንዲሁ። ዋራጋ 1 የተባለው ጉድጓድ እ.ኤ.አ በ2006 ሲፈተሽ ከሦስት ንብርብር በድምሩ 12,050 በርሜል በቀን ሰጠ። ለምሥራቅ አፍሪካ የሚያስደነግጥ ቁጥር ነበር። የመጨረሻው የኢንቨስትመንት ውሳኔ የተፈረመው በ2022 ነው። በመሐሉ አሥራ ስድስት ዓመት አለ። የድንጋዩ ችግር አልነበረም፤ ድንጋዩ ጥሩ ነው። ግን ይህም ሰም የበዛበት ዘይት ነው፣ እስከ ታንዛንያዋ ታንጋ ወደብ 1,443 ኪሎ ሜትር የሚሞቅ ቧንቧ ጠይቋል።

ናሚቢያ ላይ ያለው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። እዚያ ባሕር ውስጥ የፖርቱጋሉ የነዳጅ ኩባንያ ጋልፕ ሞፓኔ በተባለ መስክ ላይ ያደረገው ፍተሻ እ.ኤ.አ በ2024፣ ጋዙም ወደ በርሜል ተለውጦ ሲደመር፣ በቀን ወደ 14,000 በርሜል የሚጠጋ ፍሰት አሳየ። አብሮም በዚሁ አቆጣጠር 10 ቢሊዮን በርሜል የሚል ግምት ወጣ። ይህ 10 ቢሊዮን ድንጋዩ ውስጥ አለ ተብሎ የሚታሰበው ነው እንጂ የሚወጣው አይደለም። ከድንጋዩ ውስጥ ካለው ዘይት የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሲሶው ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በጣም ያነሰ። ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው አካባቢ ብዙ ጉድጓድ የቆፈረው ሼል፣ እ.ኤ.አ በጥር 2025 ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ ከመዝገቡ እንደሚሰርዝ አስታወቀ። ዘይት አላጣም፤ አግኝቷል። ድንጋዩ ግን በቂ አያሳልፍም፣ ጋዙም በዝቷል። ዘይት ማግኘትና አዋጭ ዘይት ማግኘት የተለያዩ ናቸው።

እኛም ጋ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ደቡብ ኦሞ ውስጥ እ.ኤ.አ በ2013 የተቆፈረው ሳቢሳ 1 የዘይትና የጋዝ ምልክት አሳይቶ ነበር። ምልክት ማለት በቁፋሮ ፍርፋሪው ውስጥ ዘይት ታየ ማለት ነው። ፍሰት አይደለም። ከዚያ በኋላ የተቆፈሩት ጉድጓዶችም አዋጭ ነገር አላስገኙም። የአካባቢው ወጣት ግን ምልክት የሚለውን ዜና ሰምቶ ነበር። ለምን እንደቆመ ያስረዳው ማን ነው?

ጋዝ ሲሆን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። የጋዝ ጉድጓድ ሲፈተሽ በተለያየ ቾክ ይለካና፣ ምንም ግፊት ባይቃወመው ኖሮ ስንት ይሰጥ ነበር የሚል ስሌት ይሠራል። ይህ ቁጥር ትልቅ ነው፣ ለማወዳደሪያም ይጠቅማል። ነገር ግን አንድም ጉድጓድ በዚያ መጠን አይመረትም። መግለጫ ላይ ያለምንም ማብራሪያ ሲቀመጥ ግን የዕለት ምርት ይመስላል። ጋዙን ወደ በርሜል ዘይት መለወጥም አለ፤ 6,000 ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ እንደ አንድ በርሜል ይቆጠራል። በሙቀት ልክ ነው። በዋጋና በማጓጓዣ ግን አይገናኙም። ዘይት ቦቴ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ጋዝ ወይ ቧንቧ ይፈልጋል፣ ወይ በብርድ ወደ ፈሳሽ መለወጥ አለበት።

ለዚህ ከካሉብ የተሻለ ማስረጃ የለም። የአሜሪካው ቴኔኮ እዚያ ጋዝ ያገኘው ከአምሳ ዓመት በፊት ነው። ቀጥሎ ሶቪየቶች መጥተው ብዙ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ፈተሹ። ጋዙ ያለው ጥልቅ ባሉ የአሸዋ ድንጋዮች ውስጥ ነው፤ አንዱ ስሙን ያገኘው በትግራይ ገደሎች ላይ በሚታየው በአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው። ጉድጓዶቹ ይሰጣሉ፣ ይህ ከጥንት ይታወቃል። ሆኖም ደንበኛ፣ መንገድና ገንዘብ ባለመኖሩ ጋዙ እዚያው ቆየ። የቻይናዎቹ ፖሊና ጂሲኤል ጥምር ኩባንያ የሆነው ፖሊ ጂሲኤል ውል ፈረመ፣ የቧንቧ ዕቅድ መጣ፣ ውሉ በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ተቋረጠ። መስከረም 2018 ዓ.ም ላይ ነው በጂሲኤል የተሠራው የመጀመሪያ ምዕራፍ የተመረቀው፤ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ እንዲያመርት የታቀደ ነው። በጂቡቲ በኩል ከታሰበው ትልቅ ቧንቧ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እኔ ግን በጣም ደስ ብሎኛል። ትንሽ ጀምሮ እየለኩ ማደግ ትልቅ ቧንቧ ዘርግቶ ጋዝ ከመፈለግ ይሻላል።

እዚህ ጋ ነው ፍተሻው እንደገና የሚመጣው። የሶቪየቶቹ ፍተሻ አጭር ነበር። አሁን ግን ጉድጓዶቹ ለወራት፣ ለዓመታት ይፈስሳሉ። ይህ ምርት ብቻ አይደለም፣ እስከዛሬ ያልተደረገው ረጅሙ ፍተሻም ነው። የጋዝ መስክ ጉድጓዱ በሚዘጋበት ጊዜ የሚለካው ግፊት ከወጣው ጋዝ ብዛት ጋር ሲተያይ፣ ከታች የቀረውን መጠን በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። በኦጋዴን ላይ ሲነገር የኖረው 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ የሚለው ግምት ምን ያህሉ ሊወጣ እንደሚችል ከዚያ መስመር ነው የምናየው።

ስለዚህ የማዕድን ሚኒስቴር በየዓመቱ ሁለት ቁጥር ቢያወጣልን፦ ከካሉብ እስካሁን የወጣውን የጋዝ መጠንና ጉድጓዶቹ ሲዘጉ የተለካውን ግፊት። ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም፤ በሌሎች አገሮች የተመረተው መጠን በየጊዜው ይታተማል። ሁለቱን ቁጥሮች ማንም የዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ወይም የፔትሮሊየም ተማሪ አንድ ወረቀት ላይ ነጥቦ መስመር ሊያሰምርባቸው ይችላል። የጅግጅጋና የጎዴ ነዋሪም ስለ ራሱ መሬት የሚጠይቀው ትክክለኛ ጥያቄ ይኖረዋል፤ ባለፈው ዓመት ግፊቱ ስንት ነበር፣ ዘንድሮስ ስንት ነው?